ፕላኑ የተለካው በጥር ነው፣ ወንዟ ግን የምትመጣው በነሐሴ

ባለፈው እሁድ በሰፈራችን እድር ቤት የተናገርኩት ነው። ያልመጡ ሰዎች ጻፍልን ስላሉኝ የተቀዳውን እየሰማሁ ገለበጥኩት፣ እዚህም እዚያም ትንሽ አስተካክያለሁ እንጂ ንግግሩ ያው ነው።

እንደምን ዋላችሁ። አባቶች እናቶች፣ ከቤተክርስቲያንም ከሌላም ቦታ ደክሟችሁ መጥታችሁ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ እዚሁ ከድልድዩ ከፍ ብሎ ነው ያደግኩት። ስራዬ ድሬኔጅ ነው፣ ማለት ሰው ቤት ወይ መንገድ ሊሰራ ሲያስብ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል የሚለውን አይቶ ፕላኑን ማረም ነው፣ 14 ዓመት ሆነኝ በዚህ ስራ ላይ። ዛሬ የጠራችሁኝ ከላይ ባዶው ሜዳ ላይ ሊሰሩ ስለታሰቡት 22 ቤቶች ነው። ቦታው 6,000 ካሬ ነው፣ ቤቶቹ ጂ ፕላስ ዋን ናቸው፣ በአንድ ጎኑ አስፋልት አለ በሌላው ጎኑ ወንዛችን አለች፣ ያቺው ቀበና የምትገባዋ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። እኔ ቤት አይሰራ ለማለት አልመጣሁም። ያንን ቦታ የሚጠብቁት ሰዎች በማህበር ተደራጅተው ከደሞዛቸው እየቆረጡ ስንት ዓመት የቆጠቡ ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ኪራይ ጨምር በተባለ ቁጥር እቃውን ጭኖ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ የሚዞር አለ። ነገ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጎርፉም ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው እነሱ ሳሎን ነው፣ ቀጥሎ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ስለዚ ዛሬ የምናገረው ለነሱም ጭምር ነው፣ ከኋላ ሁለት ሶስት የማህበሩ ሰዎች እንዳሉ አይቻለሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እሺ ፕላኑን እንየው። እዚህ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ሳይት ፕላን ነው። ሰው ፕላን ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው ቤቶቹን ነው፣ የትኛው ጥግ ላይ ነው፣ መኪና ይገባል ወይ፣ መኝታ ቤቱ ስንት ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ታች ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሁፍ ነው፣ ሰርቬየሩ መቼ ነው የለካው የምትለዋን። እዚህ ጥር ይላል። በጥር ወንዛችን ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ፣ ልጆች በአንድ እርምጃ ይሻገሯታል፣ አንዳንዴም ከድንጋይ ስር ገብታ ትጠፋለች። እና ሰርቬየሩ ያየውን ነው የሳለው፣ ቀጭን ሰማያዊ መስመር። ሰውየው አልዋሸም። ግን ያቺ መስመር የነሐሴዋን ወንዝ አታሳይም፣ እና 22ቱም ቤቶች የተቀመጡት ያቺን መስመር እያዩ ነው።

አዲስ አበባ ላይ በዓመት 1,200 ሚሊሜትር አካባቢ ይዘንባል፣ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ደሞ ዋናዎቹ ናቸው። በዛ ላይ ከተማችን ሜዳ ላይ አይደለም ያለችው። ከላይ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ታች አቃቂ ስትደርሱ 2,100 አካባቢ ነው፣ ይሄን ሁሉ ቁልቁለት ውሃው የሚወርደው በአጭር መንገድ ነው። ስለዚ እዚህ ሰፈር ጠብ ሳይል እንጦጦ ላይ ዘንቦ ወንዟ ሞልታ ልትመጣ ትችላለች፣ ይሄን እናቶች ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ ልብስ አስጥተው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ድምፅ ሲሰሙ ነበር እኮ ልጆቹን ከውሃ የሚጠሩት።

ሁለተኛ የማየው ነገር ሜትሩ ከየት ነው የተጀመረው የሚለውን ነው። ይሄ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው እና ትንሽ ልቆይበት። ፕላኑ ላይ ከወንዙ 15 ሜትር ተትቷል ይላል፣ አረንጓዴ ተቀብቷል፣ ሲያዩት ደስ ይላል። ግን 15 ሜትሩ የተለካው ከውሃው መሀል ነው። የኛ ወንዝ የምትሄድበት ገደል ከዳር እስከ ዳር 12 ሜትር ይሆናል፣ ስለዚ ከመሀል እስከ ገደሉ ጫፍ ድረስ 6 ሜትር እዛው አለቀ፣ መሬት ላይ የቀረው 9 ሜትር ነው። ከዛ 9 ሜትር ላይ የአጥር ግንብ አለ፣ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ሰው ሲገባ ደሞ ልብስ ማስጫና ዶሮ ቤት ይጨመርበታል፣ በመጨረሻ ምን ተረፈ? ወረቀቱ ላይ ያለው 15 ሜትር ከሁለት ክረምት በኋላ መሬት ላይ ሄዳችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። ስለዚ እዚህ ከተማ ውስጥ የትም ሆናችሁ ወንዝ ዳር ያለ ፕላን ሲያሳዩዋችሁ ስንት ሜትር ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ ከየት ጀምሮ በሉ። መለካት ያለበት ከገደሉ ጫፍ ነው፣ ውሃው ሲሞላ ከሚደርስበት።

ገደሉ ራሱ ደሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወንዟ ከሜዳው ጋር ስትደርስ ወደ ግራ ትታጠፋለች አይደል? ወንዝ ሲታጠፍ ሁልጊዜ የሚበላው የውጪውን ዳር ነው፣ ውሃው ፍጥነቱን ይዞ መጥቶ እዛ ነው የሚመታው፣ በውስጥ በኩል ግን ይረጋጋና ደለል ይጥላል። ሄዳችሁ እዩት፣ በውስጥ በኩል ሳር የበቀለበት አሸዋ አለ፣ በውጪው በኩል ደሞ ባዶ ቀይ አፈር ቁልቁል ተቆርጦ የባህር ዛፍ ስር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ያ የተንጠለጠለው ስር በፊት አፈር ውስጥ ነበር። ከ14 እስከ 17 ቁጥር ያሉት አራት ቤቶች የተቀመጡት በዚህ በሚበላው ጫፍ ላይ ነው፣ ለምን እንደሆነ ይገባኛል፣ እይታው ደስ ይላል ቦታውም ሰፊ ነው።

ቤቶቹን የሚሰራው አልሚ ለዚህ መልስ አለው፣ የድጋፍ ግንብ እሰራለሁ ይላል፣ ፕላኑ ላይም አለ፣ 4 ሜትር ከፍታ 40 ሜትር ርዝመት። ግንብ መጥፎ ነው አልልም፣ በደንብ ከተሰራ አፈር ይይዛል። ግን ግንብ ውሃውን አያጠፋውም፣ ይገፋዋል። ከዚህ ዳር የተገፋ ውሃ የሚሄደው ወዲያኛው ዳር ነው፣ ወዲያኛው ዳር ላይ ያሉት ደሞ በጭቃና በቆርቆሮ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ግንብ መስራት አይችሉም። ይሄ ጉዳይ በፕሮጀክቱ የጥናት ሪፖርት ላይ አንድ መስመር አልተጻፈበትም። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት።

አሁን ወደ ውሃው ብዛት ልምጣ፣ ቁጥር ነው ግን በሮቶ አስቡት። አንድ ከባድ ዝናብ 50 ሚሊሜትር ጣለ እንበል። በ6,000 ካሬ ላይ 300 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፣ ማለት 10,000 ሊትር የሚይዘው ትልቁ ሮቶ 30 ሞልቶ። ዛሬ ሜዳው ሳር ነው፣ ሳርና አፈር ብዙውን ይጠጣል፣ እኛ ስናሰላ ከሶስት እጅ አንድ እጅ የማይሞላው ነው የሚፈሰው ብለን እንይዛለን፣ 9 ሮቶ ያህል። ቤቱ ሲሰራ ግን ጣሪያ አለ፣ ኮብልስቶን አለ፣ ኮንክሪት አለ፣ ያኔ ከአራት እጅ ሶስቱ ይፈሳል፣ 22 ሮቶ ተኩል ማለት ነው። ያው ዝናብ፣ ያው መሬት፣ ግን 13 ሮቶ ተኩል ተጨምሮ ወደኛ ይወርዳል፣ ደሞ ከሳር ላይ ሲሆን እየተንቀረፈፈ ነው የሚመጣው፣ ከአሸንዳና ከቱቦ ሲሆን ግን በደቂቃዎች ውስጥ አንድ ላይ ነው የሚደርሰው። ፕላኑ ላይ የዝናብ ውሃ ወዴት ይሄዳል ብላችሁ ብታዩ አንዲት ቀስት አለች፣ ወደ ወንዙ የምታሳይ። በቃ፣ ቀስት።

እና ያ ውሃ እኛ ጋ ሲደርስ የሚያገኘው ድልድዩን ነው። የድልድዩ ስር ያለው ቱቦ ድሮ የተሰራ ነው፣ በየክረምቱ ሃይላንዱ፣ ፌስታሉ፣ የሻሽመኔ ጆንያው፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ እየመጣ አፉ ላይ ይደረደራል። የሰፈሩ ልጆች በረጅም እንጨት ሲጎረጉሩ አይቻለሁ፣ እባካችሁ ልጆቹን አታስጎርጉሯቸው፣ ድንገት ሲከፈት ይዟቸው ይሄዳል። ቱቦው ግማሹ ከተዘጋ ውሃው ወደኋላ ይተኛል፣ ሲተኛ ደሞ የት ቤት እንደሚገባ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። ጎርፍ ሰው ሲጎዳ ጣት የሚቀሰረው ታች ያሉት ላይ ነው፣ ወንዝ ዳር ሰፍረው፣ ቆሻሻ ጥለው፣ ምናምን ይባላል። ይሄ የአያ ጅቦና የአህያ ነገር ነው። ጅብ ከላይ እየጠጣ ከታች የምትጠጣዋን አህያ ውሃዬን አደፈረስሽብኝ አላት፣ እሷም አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለችው። ውሃ ከታች ወደላይ አይፈስም። ስለዚ የላይኛውን ፕላን ስንገመግም ታች ያለውን ሰው አብረን ካልቆጠርን ግምገማው ጎዶሎ ነው።

ነገሩን አጋነንክ የሚል ካለ ድሬዳዋን ያስታውስ። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው እየተሻገረበት የሚውል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ በዚያ አሸዋ መጣ፣ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ከተማው ላይ አይደለም ዋናው ዝናብ የወረደው፣ ከላይ ነው። እዚሁ አዲስ አበባም ነሐሴ 11 ቀን 2013 አንድ ከሰዓት በዘነበ ዝናብ 7 ሰው ሞቷል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው፣ በጥር ስታዩት የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ስለ ዓመት ቁጥርም አጭር ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሪፖርቱ ላይ ቦዩ ለ10 ዓመት ጎርፍ ተሰልቷል ይላል፣ እና አንድ ጎረቤቴ እንግዲያውስ 10 ዓመት ሰላም ነን አለኝ። እንደዛ ማለት አይደለም። በየዓመቱ ከአስር አንድ እድል አለው ማለት ነው፣ ዘንድሮ ሊመጣ ይችላል የሚቀጥለውም ዓመት እንደገና ሊመጣ ይችላል። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ 30 ዓመት ቢኖር ቢያንስ አንዴ የመምጣት እድሉ 96 በመቶ ነው። የ50 ዓመቱ ጎርፍ እንኳን በ30 ዓመት ውስጥ 45 በመቶ እድል አለው። ለቤት ሲሆን ታዲያ በ10 ዓመት ጎርፍ ማስላት እንዴት ይበቃል? መንገድ ላይ ውሃ ቢተኛ መኪና ይጠብቃል፣ ሳሎን ውስጥ የተኛ ህፃን ግን አይጠብቅም።

ፍሳሹንም ልንካው። ሴፕቲክ ታንኩ የተቀመጠው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነው፣ ለመፍሰስ ስለሚቀል፣ ግን ዝቅተኛው ቦታ ማለት ወንዙ አጠገብ ነው። 22 ቤት በአምስት በአምስት ሰው 110 ሰው ነው፣ መጣጭ መኪናው በጊዜው ካልመጣ ሞልቶ የሚፈሰው ወደ ወንዙ ነው። ከዛ ቀበና፣ ከዛ አቃቂ፣ በዛ መንገድ ላይ ሰዎች በዚያው ውሃ ሰላጣና ቆስጣ ጎመን ያጠጣሉ፣ ተመልሶ ወደኛው ማዕድ ይመጣል። ታንኩ ወደ አስፋልቱ በኩል ይዙር፣ መኪናውም እዛ በቀላሉ ይደርስለታል፣ ይሄ ከባድ አይደለም።

አሁን ለአልሚውና ለማህበሩ የምለው። ጣሪያው ላይ መፍትሄ አለ። እያንዳንዱ ቤት ጣሪያው 80 ካሬ ቢሆን 22ቱ 1,760 ካሬ ነው፣ በዚያ ባልነው 50 ሚሊሜትር ዝናብ 88 ሜትር ኩብ ውሃ ከጣሪያ ብቻ ይወርዳል። ለያንዳንዱ ቤት ባለ 5,000 ሊትር ታንከር ቢቀመጥ 110 ሜትር ኩብ ይይዛል፣ ማለት የጣሪያው ውሃ በሙሉ ይገባል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ውስጥ ይሄ ውሃ ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለአትክልት ይሆናል፣ ሰው ይጠቀምበታል እንጂ ሸክም አይሆንበትም። እዚህ ጋ ግን ሐቁን መናገር አለብኝ፣ በክረምት ዛሬ የሞላ ታንከር ለነገ ዝናብ ቦታ የለውም። ስለዚ ግማሹ ከፍታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይሰራለታል፣ ከሱ በላይ ያለው ውሃ በቀስታ ሌሊቱን ሙሉ እየፈሰሰ ይወጣል፣ የታችኛው ግማሽ ለቤት ይቀራል። የቀረውን ደሞ የሳር ቦይ ይያዘው፣ የኛ አፈር ቀይ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፣ ቦሌና አቃቂ በኩል እንዳለው ጥቁር አፈር ቢሆን ይሄን አልመክርም ነበር፣ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ውሃ አያሳልፍም፣ ግድግዳም ይሰነጥቃል። ገደሉ ጫፍ ላይ ደሞ ከግንቡ በፊት ቬቲቨር ሳር ይተከል፣ ስሩ ቁልቁል ረጅም ነው፣ አፈር በመያዝ የታወቀ ነው፣ ባህር ዛፉ ግን ቀስ እያለ ይነሳ።

አራቱ ቤቶች ግን እዛ መሆን የለባቸውም። ይሄን በስሜት አይደለም የምለው፣ ለክቼ ነው። እማማ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ፈቅደውልኛል። የሳቸው ግድግዳ ላይ በ2013 ነሐሴ ውሃው የደረሰበት ቡናማ መስመር አለ፣ ቀለም ሳይቀቡበት እስከዛሬ ትተውታል፣ ለምን እንዳልቀቡት ስጠይቃቸው ልጆቹ እንዲያዩት ነው አሉኝ። ሐሙስ እለት ከጓደኛዬ ሌቭል የሚባለውን የከፍታ መለኪያ ተውሼ ከዚያ መስመር ተነስቼ ፕላኑ ላይ የ16 ቁጥር ቤት ወለል ተብሎ እስከተጻፈው ከፍታ ድረስ አነጻጸርኩት። ወለሉ ከእማማ መስመር የሚበልጠው በ40 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ግን 16 ቁጥር ከእማማ ቤት 60 ሜትር ወደላይ ነው ያለው፣ በዚያ 60 ሜትር ውስጥ ወንዟ አንድ ሜትር ተኩል ትወርዳለች። ውሃው እማማ ጋ እዚህ ድረስ ከደረሰ እዛ ላይ ደሞ አብሮ ከፍ ይላል፣ ሸለቆውም እዛ ጋ አይሰፋም። ያው የ2013ቱ ውሃ ዛሬ ቢመጣ 16 ቁጥር ቤት ውስጥ አንድ ሜትር ያህል ይቆማል። ይሄን የነገረኝ የኮምፒውተር ሞዴል አይደለም፣ ቀለም ያልተቀባ ግድግዳ ነው። ሪፖርቱን የጻፉት ባለሙያዎች እማማን በር አንኳኩተው አልጠየቁም።

መብታችሁን በአጭሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንፁህና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት አለ፣ አንቀጽ 92 ደሞ የአካባቢ ፕሮጀክት የሚነካው ሕዝብ ሲታቀድም ሲሰራም አስተያየቱ መሰማት አለበት ይላል። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ም ሕዝብ ሪፖርቱን አይቶ አስተያየት የሚሰጥበትን መንገድ አስቀምጧል። ፕሮጀክቱ ትንሽ ነው ተብሎ ሙሉ ጥናት አያስፈልገውም ሊባል ይችላል፣ 22 ቤት ነው እኮ። ግን ወንዝ ዳር ያለ ትንሽ ነገር ትንሽነቱ በካሬ አይለካም፣ በየወንዙ ዳር ሀያ ሀያ ቤት እየተባለ ሲደመር ነው ከተማው የሚጥለቀለቀው። ስለዚ አስተያየታችሁን በጽሁፍ አስገቡ፣ የገባበትን ቀንና ማህተም ያለበት ኮፒ ያዙ፣ ስድብና ወቀሳ አትጻፉበት፣ ቁጥርና ፎቶ አድርጉበት፣ በተለይ የነሐሴ ፎቶ ያለው ሰው ስልኩን ይፈትሽ።

ስጨርስ ከኋላ ከተቀመጡት የማህበሩ ሰዎች አንዱ ተነሳ፣ ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ እጁን አጣምሮ ሲሰማ ነበር። "ወንድሜ አራቱ ከተነሱ እነዚያ አራት ቤተሰቦች የት ይሂዱ? ከነሱ አንዱ እኔ ነኝ" አለ። አዳራሹ ዝም አለ፣ እኔም ለትንሽ ጊዜ የምለው አጣሁ። ከዛ ሳይት ፕላኑ ጋ ሄጄ አሳየሁት፣ አስፋልቱ በኩል ያለው የመኪና ማቆሚያ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ነው፣ ቢጠብ ሁለት ቤት ይገባበታል። የቀሩት ሁለቱ ደሞ መሀል ያሉት አራት ቤቶች ባለ ሁለት ፎቅ ሆነው ከላያቸው ላይ መውጣት ይችሉ እንደሆነ አርክቴክቱ ማየት አለበት፣ ይቻላል ብዬ አልማልኩለትም። እሱም የ16 ቁጥሩ እጣ የደረሰው ለሱ እንደሆነ ነገረኝ፣ የእማማን ግድግዳ አሁን ማየት እችላለሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፣ ና ልጄ አሉት።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ድልድዩ ጋ ሌቭሉን ይዤ እመጣለሁ፣ የ14፣ የ15 እና የ17ን ወለልም መለካት አለብን። ስታፉን፣ ማለት የመለኪያውን ረጅም ዘንግ፣ የ16 ቁጥሩ ሰውዬ እይዛለሁ ብሏል፣ መዝገብ የሚጽፍልን አንድ ሰው ይቀራል።